ለሳንባ ታማሚ የልብ ኢኮ፦ ሁለት ቦታ ሄደን ያየነው ልዩነት

ኢኮ፣ ማለትም ልብን በአልትራሳውንድ የማየት ምርመራ፣ ሁሉ አንድ አይደለም። በተለይ ለሳንባ ታማሚ። ይህን ያወቅሁት እናቴን ይዤ ሁለት ቦታ ከተንከራተትኩ በኋላ ነው። አንዱ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ሌላው አርባ ደቂቃ ገደማ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ ውስጥ እንደ እናቴ የምታስል፣ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ እግሯ የሚያብጥ እናት ካለች ይጠቅማችኋል።

የቦታዎቹን ስም አልጠራም። የመጀመሪያውን ለመክሰስ፣ ሁለተኛውንም ለማስተዋወቅ አይደለም የምጽፈው። ጥሩ ምርመራ ምን እንደሚመስል ካወቃችሁ የትም ብትሄዱ ትለዩታላችሁ።

እኔ ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። እናቴ ከከተማው ወጣ ብላ ገጠር ነው የምትኖረው። 64 ዓመቷ ነው። ሲጋራ በእጇ ይዛ አታውቅም። ግን ሠላሳ ዓመት ያህል አረቄ እያወጣች ነው ያሳደገችን። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ እሳቱ አጠገብ ተቀምጠህ ነው የምትውለው፣ ከፍ አይል ዝቅ አይል፣ እየቆሰቆስክ መጠበቅ ነው። ጎጆው መስኮት የለውም። ማገዶው የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ጭራሮና ኩበት ነው። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ እንጨት። በዚያ ላይ እንጀራው አለ፣ ወጡ አለ። ልጅ ሆነን ጭሱ ሲያቃጥለን እየሮጥን እንወጣ ነበር። እሷ ግን አትወጣም።

ሐኪሞቹ ሕመሙን ሲኦፒዲ ይሉታል። የአየር ቧንቧዎቹ ይጠባሉ፣ የገባው አየር በደንብ አይወጣም፣ ሳንባው እንደተነፋ ይቀራል። ብዙ ሰው የአጫሽ በሽታ ይመስለዋል። እኛ አገር ግን የምድጃ ጭስ ስንት እናቶችን እንደያዘ መድኃኒት ቤት ቆሜ በየቀኑ አያለሁ። ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበውን የትንፋሽ መድኃኒት፣ ሊገዙ ይመጣሉ፣ ነጠላቸው ጭስ ጭስ ይሸታል።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ቁርጭምጭሚቷን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ቶሎም አይመለስም። ጎረቤት ኩላሊት ነው አለ። ጠበል ተጠመቀች። ኩላሊቷ ተመረመረ፣ ደህና ነው ተባለ። ከዚያ ልቧ ይታይ ተባለና ኢኮ ወደሚሠራበት አንድ ቦታ ወሰድኳት።

እዚያ ምን ሆነ? አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኟት። በጀርባዋ መተኛት አትችልም፣ ትታፈናለች፤ ብንናገርም “ትንሽ ነው፣ ቻይው” ነበር መልሱ። ባለሙያው ደረቷ ላይ መሣሪያውን ሁለት ሦስት ቦታ አሳረፈ፣ ስክሪኑን አየ፣ ፊቱን አጠቆረ። “ሳንባዋ ሸፍኖታል፣ አይታይም” አለ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። ወረቀቱ ላይ የግራ ልቧ የመርጨት አቅም 60 በመቶ፣ መደበኛ ነው ተብሎ ተጻፈ። ስለ ቀኝ ልቧ አንድ ቃል የለም። መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል “የምስል ጥራቱ ደካማ ነው” ይላል። “ልቧ ሰላም ነው” ተብለን ወጣን።

እኔም አመንኩ። 60 በመቶ ጥሩ ቁጥር ነውና። እግሯ ግን እያበጠ ሄደ።

ባለሙያው የዋሸው ነገር የለም፣ ይህን ልበል። ሳንባ በእርግጥ ይሸፍናል። የአልትራሳውንድ ድምፅ አየር ውስጥ ማለፍ አይችልም፣ ይበተናል፣ ይመለሳል። ቆዳ ላይ ያንን ቀዝቃዛ ጄል የሚቀቡትም በመሣሪያውና በቆዳው መሃል አየር እንዳይቀር ነው። ጤነኛ ሰው ላይ ልብ ከጎድን አጥንቶቹ መሃል ትንሽ መስኮት ታገኛለች። ሲኦፒዲ ያለበት ሰው ላይ ግን የተነፋው ሳንባ በልብና በደረት ግድግዳ መሃል ገብቶ መስኮቱን ይዘጋዋል። ስለዚህ ችግሩ እውነት ነው። ያስቆጨኝ ችግሩን አይቶ መተዉ ነው። ሌላ መስኮት እያለ።

የምሠራበት አካባቢ የማውቀው አንድ ሐኪም ወረቀቱን አሳየሁት። አንድ ጊዜ አየና “ቀኙስ?” አለኝ። ያቺ ጥያቄ ናት ሁሉን የቀየረችው። የሳንባ ሕመም መጀመሪያ የሚጎዳው ቀኙን ልብ ነው፣ ቀኙ ያልታየበት ኢኮ ለእናትህ አልተሠራም ማለት ነው አለኝ።

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ሄድን። ከደብረ ማርቆስ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፣ ለሷ ግን ሙሉ ቀን ነው። ቡሬን አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱና ጭጋጉ ሳሏን ቀሰቀሰው፤ ሹፌሩን አስቁመን፣ ፓፍ ወስዳ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅን። ሹፌሩን እግዜር ይስጠው፣ አንዴም አልተነጫነጨም። ያን ምሽት ዘመድ ቤት አደርንና ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ሄድን።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልጨርስ። ኢኮ ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ትንፋሽ ላጠረው ሰው የተሠራ ምርመራ ሦስተኛ ፎቅ ላይ! እናቴ በየእረፍቱ እየተቀመጠች፣ የደረጃውን ብረት እየያዘች፣ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶባት ወጣች። ላይ ስንደርስ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ምድር ቤት አንድ ክፍል ማዘጋጀት ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም። ተራ የምንጠብቅበት ኮሪደር ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ክፍያው 1,900 ብር ነበር፣ ካርዱ ለብቻው። ለገበሬ ቤተሰብ ብዙ ነው። ለመጀመሪያው ከከፈልኩት ጋር ስደምረው የበለጠ ያመኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ምስጋና ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ስንገባ ተነሳ። እናቴን “እንደምን አደሩ እናቴ” ብሎ ወንበር ሰጣትና መጀመሪያ ዝም ብላ እንድትተነፍስ አደረገ። መሣሪያውን አልነካም። ስንት ዓመት እንዳሳላት፣ ስንት ትራስ ተደግፋ እንደምትተኛ፣ ድሮ ቲቢ ታማ እንደሆነ ጠየቃት። ጣቷ ላይ ኦክስጅን መለኪያውን አደረገ፣ 89 በመቶ አለ። እኔ ቤት ስለካት 86 ነበር አልኩት። “ልክ ነው፣ ማርቆስ ከፍ ይላል” አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፣ ባሕር ዳር 1,800። አየሩ ስለሚሳሳ ለሳንባ ታማሚ ያቺ 600 ሜትር እንኳ ትታወቃለች። መድኃኒት ቤት እየሠራሁ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

እናቴ ልብሷን ማውለቅ አፈረች። ገባኝ፣ ልጇ የሚሆን ወንድ ፊት ነው። ሲስተሯ መጋረጃውን ሳበች፣ ነጠላዋን ከላይ አለበሰቻት፣ የሚታየውን ቦታ ብቻ ገለጠች። ማተቧን “አውልቂ” አላሏትም። ቀስ አድርገው ወደ ትከሻዋ አዞሩት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ እናቴ ግን እስከ ዛሬ የምታወራው ይህንን ነው።

ከዚያ አልጋውን ከራስጌው ከፍ አደረጉት። በግራ ጎኗ አስተኟት፣ ግራ እጇን ከራሷ በላይ። ልብ ወደ ደረቱ ግድግዳ እንድትጠጋ ነው። “አየሩን ሙሉ በሙሉ ያውጡ... አሁን ይያዙ... በቃ ይተንፍሱ” ይላታል። አየር ሲወጣ ሳንባው ትንሽ ይሰበሰባል፣ መስኮቱም ይከፈታል። እሷ ከሦስት አራት ሴኮንድ በላይ መያዝ አትችልም። እሱም ያቺን ሦስት ሴኮንድ ይጠቀምባታል፣ ከዚያ ያሳርፋታል፣ ደግሞ ይሞክራል። አልተቆጣም። አንዴ ሳሏ መጣና ቆመን ጠበቅን፣ ሲስተሯ ውሃ ሰጠቻት።

ከጎን ያየው ምስል እንደበፊቱ ደካማ ነበር። ጭጋግ ነው፣ እኔ ምንም አላየሁም። ያኔ በጀርባዋ ከፍ አድርጎ አስደግፎ ጉልበቷን አሳጠፋትና መሣሪያውን ከደረቷ አጥንት ጫፍ ስር፣ ሆዷ የሚጀምርበት ቦታ ላይ አደረገው። ሽቅብ ወደ ደረቷ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ልቧ ታየች! ጥርት ብላ፣ አራቱም ክፍሎቿ። ሳንባው ሲነፋ ድያፍራሙን፣ ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ወደ ታች ስለሚገፋው ልብም አብራ ዝቅ ትላለች፣ ስለዚህ ለሲኦፒዲ ታማሚ ብዙ ጊዜ ምርጡ መስኮት ከታች ያለው ነው አለኝ። ያው ሳንባ ከፊት የዘጋውን ከታች ይከፍታል ማለት ነው። የመጀመሪያው ቦታ እዚህች ጋ መሣሪያውን ቢያሳርፍ ኖሮ ሰባት ወር ባልባከነ።

ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረልን። እናቴ ቀይና ሰማያዊ ቀለሙን አይታ “ልጄ፣ ቀዩ ጥሩ ደም ነው? ሰማያዊው የተበላሸው ነው?” አለችው። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣ ደም ነው፣ ሰማያዊው ከመሣሪያው የሚርቅ። አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳየው።

የቀኝ ልቧን ነገር ለሷ ሲያስረዳት የተናገረውን እንዳለ ልጻፈው። “እናቴ፣ ቀኙ ልብ ሜዳ የለመደ በሬ ነው። ሥራው ደሙን ወደ ሳንባ መግፋት ነው፣ እዚያ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቀላል ነው። የእርስዎ ሳንባ ግን በጭስ ተጎዳ፣ ኦክስጅን ሲያንስ የሳንባው ደም ስሮች ይኮማተራሉ፣ እየቆየም ይወፍራሉ። በሬው ዳገት ላይ እያረሰ ነው።” ባሏ ገበሬ ነበር፣ ገባት። “ደክሞታላ!” አለች። ዝም ብዬ ቆምኩ።

ቁጥሮቹን ለማንበብ ለሚፈልግ እነሆ። የቀኝ ልቧ የታችኛው ክፍል ስፋት 46 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ41 በላይ ሰፋ የሚባል ነው። ግድግዳው 7 ሚሊ ሜትር፣ ከ5 ካለፈ ወፍሯል ይባላል። ቀኙ ልብ ሲመታ ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት አለ፣ ታፕሴ ይሉታል፤ ከ17 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ጉልበቱ ቀንሷል ማለት ነው፣ የሷ 15 ነው። ግራው ክፍል በቁመቱ ተቆርጦ ሳይሆን በአግድም ሲታይ እንደ እንጎቻ ክብ መሆን ነበረበት። የሷ አንድ ጎኑ ተጫን ብሏል፣ ቀኙ እየገፋው ነው።

የሳንባው ደም ስር ግፊት ደግሞ እንዲህ ይገመታል። በቀኙ ልብ በር በኩል ወደ ኋላ የሚያመልጥ ደም አለ። ፍጥነቱን በዶፕለር፣ የደም ፍሰትን በሚለካው የኢኮው ክፍል፣ ይለኩታል። የሷ በሴኮንድ 3.2 ሜትር ነው። ፍጥነቱን በራሱ ታባዛለህ፣ ከዚያ በአራት ታባዛዋለህ፣ 41 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይመጣል። ወደ ልብ የሚገባው ትልቁ ደም ስር ከሆድ በኩል ይታያል፤ ስፋቱና “በአፍንጫዎ ሽው አድርገው ይሳቡ” ሲላት ምን ያህል እንደሚጠብ ታይቶ ሌላ ቁጥር ይደመራል። የሷ ደም ስር 2.3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከግማሽ በላይ ስለጠበበ 8 ተደመረ። 49 ሆነ። ከፍ ያለ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐኪሙን ያከበርኩት። ወረቀቱ ላይ 49 ብሎ ጽፎ አልሄደም። “ይሄ ግምት ነው፣ በሳንባ ታማሚ ላይ ደግሞ ግምቱ ብዙ ይስታል” አለኝ። ትክክለኛው መለኪያ ቀጭን ቱቦ በደም ስር አድርጎ እስከ ቀኝ ልብ ማስገባት ነው፣ ያ ግን ለሁሉም ሰው የሚደረግ አይደለም። ቤት ስመለስ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. 2003 ላይ የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ የሳንባ ንቅለ ተከላ በሚጠብቁ 374 ታማሚዎች ላይ ኢኮውንና ቱቦውን አወዳደሩ። በኢኮ ግፊቱን መገመት የተቻለው በ44 በመቶዎቹ ብቻ ነበር። ከተገመተውም ውስጥ ከግማሽ በላዩ ከእውነተኛው ቁጥር ከ10 ነጥብ በላይ የራቀ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ይዞ መደንገጥም መደሰትም ልክ አይደለም። የልቡ ስፋት፣ ግድግዳው፣ እንቅስቃሴው፣ የደም ስሩ ሁኔታ አንድ ላይ ነው የሚነበበው። የእናቴ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ።

ግራ ልቧንም አልዘለለውም። ደህና ነው። ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ትንፋሽ ማጠሩ ከሳንባ ነው ወይስ ከግራ ልብ የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት፣ ሕክምናው ይለያያልና። ሁለቱም አብረው የሚኖሩበት ሰው ብዙ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ምርመራ ከየት እንደመጣ ሳነብ ደነቀኝ። እ.ኤ.አ. 1953 ላይ ስዊድን አገር ሉንድ ከተማ ውስጥ ኤድለር የሚባል ሐኪምና ሄርትዝ የሚባል የፊዚክስ ሰው ናቸው የጀመሩት። መጀመሪያ የሞከሩበት መሣሪያ የመርከብ መሥሪያ ቦታ ላይ ብረት ውስጥ ያለ ስንጥቅ የሚፈለግበት ነበር፣ ተውሰውት ነው። ዛሬ ያ ሐሳብ የእናቴን ልብ አሳየኝ።

ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ነው። ሁለተኛ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሐኪሙ በቃል ባያስረዳን አንድ ገበሬ ምን ይዞ ይሄዳል? ሦስት መስመር በአማርኛ ቢጨመር፣ “ቀኝ ልብዎ ደክሟል፣ ይህን ያድርጉ” ቢል፣ በቂ ነው። ነገርኩት፣ ሐሳቡን ተቀበለኝ።

ከዚያ የተደረገው? እብጠቱን የሚቀንስ ላዚክስ ታዘዘላት፣ መጠኑን በጥንቃቄ። ፓፉን እንዴት እንደምትስበው አሳዩዋት። እኔ ልጇ፣ ፓፍ የምሸጠው ሰው፣ ስትስበው አይቻት አላውቅም ነበር። ግማሹን አየር ላይ ነበር የምትረጨው። ኦክስጅን በቤት ውስጥ እንደሚያስፈልጋት ሐኪሙ ነግሮናል። የደሙ ኦክስጅን በጣም ዝቅ ላለበት ሰው ዕድሜ እንደሚያራዝም የታወቀው እ.ኤ.አ. 1980 እና 1981 ላይ በወጡ ሁለት ጥናቶች ነው፣ ግን በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት መሆን አለበት። ኦክስጅን የሚያመርተው ማሽን ደግሞ መብራት ይፈልጋል። እሷ ያለችበት ገጠር መብራት የለም። ስለዚህ ለጊዜው እኔ ጋ ማርቆስ እንድትቀመጥ ለምነናታል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ምን እንደምናደርግ አሁንም እያሰብን ነው። አረቄውን ትታለች። እህቴ ደግሞ ማድ ቤቱን አፍርሳ መስኮትና ጭስ ማውጫ ያለው ሠርታለች፣ ለራሷም ለልጆቿም።

ሐኪሙን ቪያግራ ውስጥ ያለው መድኃኒት የሳንባ ግፊት ይቀንሳል ስለሚባለው ጠየቅሁት፣ መድኃኒት ቤት ሰው ይጠይቀኛልና። ያ ለሌላ ዓይነት የሳንባ ደም ስር በሽታ ነው፣ ሲኦፒዲ ላመጣው ግን እንዲሁ አይሰጥም፣ ኦክስጅኑን ሊያባብሰው ይችላል አለ። እባካችሁ በራሳችሁ አትግዙ።

የሳንባ ታማሚ ሁሉ ኢኮ ይነሳ እያልኩ አይደለም። ገንዘብ ነው፣ መንገድ ነው። ግን እግር ሲያብጥ፣ የአንገት ደም ስር ሲገተር፣ ፓፉ እየተወሰደ ትንፋሹ ከበፊቱ ሲብስ፣ ኦክስጅኑ ሲወርድ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ከሄዳችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ “ሲኦፒዲ አለባት፣ ቀኝ ልቧን እዩልኝ” በሉ። ወረቀቱ ላይ ስለ ቀኝ ልብ የተጻፈ ነገር ከሌለ ከክፍሉ ሳትወጡ ጠይቁ። “አይታይም” ከተባላችሁም ከታች በኩል ተሞክሮ እንደሆነ በትህትና ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፣ ከፍላችኋል።

አሁን ሁለት ወር ሆነን። እግሯ ጎድሏል፣ ጫማዋ ይገባል። ትንፋሿ ያው ነው፣ ሳንባው አይመለስምና። ሌሊት ግን ከሦስት ትራስ ወደ ሁለት ወርዳለች። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ጥር ላይ ነው፣ እዚያው ነው የምወስዳት። ሦስተኛ ፎቁን ከወንድሜ ጋር በወንበር ተሸክመናት እንድንወጣ ተስማምተናል።